ማኅበሩ የማን ነው?

እኔ በምኖርበት የጎፋ ኮንዶሚኒየም ብሎክ የነዋሪዎች ስብሰባ የሚጠራው ወይ የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል ወይ ጥበቃዎቹ የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቁ ነው። ሰው የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉም በአንዴ ይናገራል። ይሄኔ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን እጃቸውን ያወጡና «ሥነ ሥርዓት!» ይላሉ። መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤው ይቆጠር፤ አጀንዳው ይጽደቅ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ይመረጥ። ለአንድ የተቃጠለ ፓምፕ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል እያልን ስናጉረመርም ከርመናል። አንድ ቀን ደረጃ አብረን ስንወጣ «ጋሼ፣ ይሄን የስብሰባ ደንብ የት ነው የተማሩት?» አልኳቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ስድስት ኪሎ» አሉኝ። «ክፍል ውስጥ ግን እንዳይመስልህ።»

ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ሲነሳ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «መሬት ለአራሹ» ነው። ቀጥሎ ጥላሁን ግዛው፣ ዋለልኝ መኮንን፣ ከዚያ ቀይ ሽብር። ታሪኩ ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ የአገር ታሪክ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ለገዛ ቤታቸው የጠየቁትን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እነሱ ግን የራሳቸውን ማኅበር፣ ሳንሱር የማይነካው ጋዜጣና ፖሊስ የማይገባበት ግቢ ሲጠይቁ ኖረዋል። የመሬቱ ጥያቄ በ1967 አዋጅ ሆኖ ወጣ። ይኸኛው ጥያቄ ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ሲነሳ ኖሯል። እኔም ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው። ዓመቶቹን የምቆጥረው በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ይታያል።

በ1943 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ33 ተማሪዎች ነው። ኃላፊው ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የካህን ልብሳቸውን ትተው በሱፍና በክራባት ነበር የሚያስተምሩት። ትምህርቱ በነጻ፣ ማደሪያውና ምግቡም በነጻ ነው። ጃንሆይ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ጊዜ በራሳቸው እጅ ይዘውት ስለነበር ኮሌጁን እንደ ቤታቸው፣ ተማሪውንም እንደ ልጃቸው ይጎበኙት ነበር። ልጅ ደግሞ ማኅበር አያቋቁምም፤ አባቱን ይለምናል። የተማሪዎች ምክር ቤት ነበረ፤ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የሚባል ጋዜጣም ኋላ ላይ መጣ። የምክር ቤቱ ጭንቀት ግን በአብዛኛው ከምግብ ቤቱ፣ ከስፖርቱና ከክርክር ክበቡ አያልፍም ነበር።

ይህን ጨዋ ቤት በመጀመሪያ የነቀነቁት እንግዶች ናቸው። ከ1951 ገደማ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የነጻ ትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች መጡ። እነዚህ ልጆች ቅኝ ገዢ ሲወገዝ እየሰሙ ያደጉ፣ ሰልፍና ማኅበር የለመዱ ነበሩ። ነጻነቷን ጠብቃ የኖረች አገር ብለው የመጡባት ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ሲያዩት ግራ ተጋቡ፤ ግራ መጋባታቸውንም አልደበቁም። የሐበሻ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይረሳም።

ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው አደባባይ ወጡ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ተማሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ተማሩም። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል፤ የድሮው ደንብ ለጊዜው ወደ ቦታው ተመለሰ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ጃንሆይ ለግቢነት የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ነው። መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ ያገቷቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች የረሸኑት እዚያው ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነበር። ደም የፈሰሰበት ቤተ መንግሥት የመማሪያ ግቢ ሆነ፤ ስጦታም፣ ቤት ለቆ መሄድም ይመስላል።

አባትና ልጅ መስማማት ያቆሙት በግጥም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ግጥም ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ይዞ ከቀረበ በኋላ መድረኩ የውዳሴ መድረክ መሆኑ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው በሚለው ስሙ የምናውቀው፣ «በረከተ መርገም»ን አመጣ። ሰዎቹ ፖለቲካን በንግግር ሳይሆን በስንኝ መጀመራቸው አይገርምም፤ የቅኔ አገር ልጅ ንጉሥን የሚወቅሰው እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና ቤተ መንግሥቱ ግን ሰሙን አልፈው ወርቁ ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በእነዚያው ዓመታት አዳሪነቱ ቀርቶ ተማሪው በወርኃዊ አበል ከተማ ውስጥ ቤት እየተከራየ እንዲኖር ተደረገ። ተበታትኖ ይበርዳል ተብሎ ከሆነ ስሌቱ ተቃራኒውን ነው የወለደው፤ ተማሪው ከአጥር ውስጥ ወጥቶ ከከተማው ድህነት ጋር ግድግዳ ተጋራ።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ስሌት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛው በመምህርነት ተመደበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ መምህር አገኙ። ነገር ግን በንድፈ ሐሳብ ብቻ «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ያውቅ የነበረ ልጅ ጭሰኛውን በስሙ አውቆ፣ እርቦና ሢሶ ሲሰፈር በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። በሄደበትም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የስድስት ኪሎን ወሬ አስተማረ። መንግሥት በራሱ ወጪ ንቅናቄውን በመላ አገሪቱ ዘራው ማለት ነው።

የካቲት 18 ቀን 1957 ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሄዱ። ከጀርባው «አዞዎቹ» የሚባሉ፣ ራሳቸውን ደብቀው የሚያደራጁ ጥቂት ልጆች ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ ለማኞች ከከተማ ተለቅመው የታጎሩበትን የሾላ ካምፕ በመቃወም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ሲሉ ተሰለፉ። ስለነዚህ ሰልፎች ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ብዙ ያልተወራለት በእነዚያው ዓመታት የተካሄደው የማኅበር ግንባታ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አንድ ይባል እንጂ የተለያዩ ኮሌጆች ስብስብ ነበር፤ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሕንፃ ኮሌጅ፣ ርቀው ደግሞ አለማያ እርሻና ጎንደር ጤና። እያንዳንዱ የራሱ ማኅበር ነበረው። ከ1955 ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር የሚባል ጃንጥላ ነበረ፤ አቅሙ ግን ከእያንዳንዱ ኮሌጅ ፈቃድ አያልፍም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ያሉት ሁሉ በአንድ ማኅበር ይጠቃለሉ ወይስ እንደየራሳቸው ቆመው ይተባበሩ በሚል ከባድ ክርክር ተነሳ። አንድነት ባዮቹ አሸንፈው በ1959 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ ልሳኑም «ስትራግል» ሆነ። ለዛሬ አንባቢ የቢሮ ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። ፓርቲ በሌለበት፣ የፓርላማ ተመራጭ በግል ስሙና በንብረቱ በሚወዳደርበት አገር፣ ጥቂት ሺህ ወጣቶች ደንብ አርቅቀው፣ ፕሮግራም ይዘው፣ ተከራክረው፣ በድምፅ መሪ የሚመርጡበት ቤት ሠሩ። ጥላሁን ግዛው በ1961 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። አልሸፈተም፤ ውጤቱን ተቀብሎ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ተወዳደረና አሸነፈ። ይህች ትንሽ ነገር በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ የት ትገኝ ነበር?

የጎፋው ጎረቤቴ «ሥነ ሥርዓት!» ከዚህ ቤት ነው የመጣው። እሳቸው እንደሚሉት ስብሰባ እስከ እኩለ ሌሊት ይሄድ ነበር፤ ታክቶት የወጣ ሰው ድምፁን አጣ ማለት ስለሆነ ማሸነፊያው ዘዴ አንዳንዴ ክርክር ሳይሆን ወንበር ላይ መቆየት ነበር። የተሸነፈ ወገን ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት የመጠየቅ መብት ነበረው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ።

አብሮ መነገር ያለበት ደግሞ አለ። «ስትራግል» በእንግሊዝኛ ነበር የሚታተመው። ስለ ገበሬው የተጻፈውን ገበሬው ቀርቶ የስድስት ኪሎ ዘበኛም አያነበውም። ንቅናቄው ወደ አማርኛ በዞረ ጊዜ ቋንቋውን በአዲስ ቃላት አጥለቀለቀው፤ ተራማጅ፣ አድኃሪ፣ ሥር ነቀል፣ ብሔረሰብ። አንዱን የፋብሪካ ሠራተኛ ላብ አደር፣ ወዝ አደር፣ ሠርቶ አደር እንበለው እያሉ ወገን ለይተው የተጣሉበት ጊዜ ደረሰ። ሠራተኛው ይህን ሁሉ ስም ሲያወጡለት በየትኛው እንደሚጠራ የጠየቀው አልነበረም።

መጋቢት 21 ቀን 1960 በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ የሆነውም አያኮራም። ተቃውሞው በምዕራባውያን የባህል ወረራ ላይ ነው ተባለ፤ ዱላው ግን ያረፈው ለማየት የመጡ እንግዶችና አጭር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ መሪዎች ታሰሩ። በአንድ በኩል የመሰብሰብ ነጻነት ለማግኘት የሚታገል ማኅበር በሌላ በኩል ሴቶች የሚለብሱትን ሊወስንላቸው ሲነሳ ራሱን አልታዘበም። በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ሴት ተማሪዎች ጥቂት ስለነበሩ በማኅበሩ ውስጥ ይህን የሚናገር ድምፅ ቀጭን ነበር።

መንግሥትም እንቅልፍ አልወሰደውም። በ1959 ሰልፍን በፈቃድ የሚያስር አዋጅ አወጣ፤ ተማሪዎቹ አዋጁን ራሱን በሰልፍ ተቃወሙ። በ1961 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተቀላቀሉና ጥያቄው ከግቢ ወጥቶ የከተማው ሆነ። በኅዳር 8 ቀን 1962 «ስትራግል» ላይ የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጽሑፍ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ምሽት ጥላሁን ግዛው ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተመታ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከሆነ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ተማሪዎች በማግስቱ አስከሬኑን ወደ ግቢ አምጥተው ከበው ቆሙ፤ የክብር ዘበኛ ጦር ግቢውን ጥሶ ገባ፣ ተኮሰ፣ ተማሪዎች ሞቱ፣ አስከሬኑ ተነጠቀ። ጥላሁን ወደ ትውልድ አገሩ ትግራይ ተወስዶ ተቀበረ።

ከዚያን ቀን በፊት ግቢው ማን ሊገባበት እንደሚችል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መልስ አገኘ፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይገባል። ከመንግሥት መንግሥት መልሱ አልተለወጠም።

የሚቀጥሉትን ዓመታት በሩጫ ልለፋቸው። የሕጋዊው ማኅበር በር ሲዘጋ ትግሉ ወደ ኅቡዕ ክበባትና ወደ ውጭ አገር ማኅበራት ዞረ፤ ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ዋለልኝ፣ ማርታ መብራህቱና ጓዶቻቸው ተገደሉ። የ1966ቱ የየካቲት አብዮት መጣ። ወታደራዊው ደርግ በመስከረም 1967 ሥልጣን ሲይዝ ተማሪው «ሕዝባዊ መንግሥት!» አለ። ደርግ መልሱን ያዘጋጀው ቶሎ ነው፤ በታኅሣሥ 1967 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ተማሪው የጠየቀውን መሬት ሊያከፋፍል ወረደ፤ ሲመለስ ማኅበሩ ጠፍቷል። በማኅበሩ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተከራከሩት የሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች ሆነው ተገዳደሉ፤ የቀሩትን ደርግ ጨረሳቸው። በ1972 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ አኢወማ፣ ሲቋቋም ስብሰባው፣ ሊቀመንበሩና ቃለ ጉባኤው ሁሉ ነበረው። ውሳኔው ብቻ ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ አገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1918 በአርጀንቲና የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አመጹ። የጠየቁት ዩኒቨርሲቲው ራሱን እንዲያስተዳድር፣ ተማሪም በአስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ እንዲኖረው ነበር። አገኙትም፤ ልማዱ በላቲን አሜሪካ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። የእኛዎቹ ከዚያ ይልቅ አገር ጠየቁ። የሴኔት ወንበር ለነሱ ትንሽ ነገር ነበር፤ ነገ አብዮት ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላላ! አብዮቱ መጣ፤ ማኅበሩን ከነባለቤቶቹ በላው። ልፈርድባቸው አይደለም፤ ገበሬው ሢሶውን እየገበረ ሲያዩ የሴኔት ወንበር መጠየቅ የሚያሳፍር ሊሆን ይችል ነበር። ግን ከእነሱ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ ጀመሩም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ ሲገቡ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም አካሄድ በመቃወም ወጡ። ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በወራት ውስጥ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የ1993ቱ ሆነ። የዘመን አቆጣጠሩን ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ የፊተኛው ሰልፍ በፈረንጅ 1993 ነበር፣ የኋለኛው በእኛ 1993። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። የተለያዩ ናቸው። የ1985ቱ ስለ አገር ነበር። የ1993ቱ ስለ ቤት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝም እሱ ነው።

በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት ሲያቆሙ የያዙት ጥያቄ በአንድ ገጽ ያልቃል። የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ። የተማሪዎች ማኅበር በነጻነት ይሥራ። የታገደው ጋዜጣችን ይፈቀድ። ሁለት የአስተዳደር ሰዎች ይነሱ። መሬት የለም፣ ሶሻሊዝም የለም፣ ብሔረሰብ የለም። እንደ ኮርዶባ ልጆች የጠየቁት ቤታቸውን ነው። የትምህርት ሚኒስትሯ ገነት ዘውዴ አብዛኛውን ተቀብለው የፖሊሱን ጉዳይ ጊዜ ይሰጠው አሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ ሌላው ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ፖሊሱ ሲወጣ ነው ብለው ጸኑ። ፖሊስ ግቢ ገብቶ ደበደበ፤ መንግሥት ትምህርት ጀምሩ ብሎ ቀነ ገደብ ሰጠ። ሚያዝያ 9ና 10 ነገሩ ወደ ከተማው ፈሰሰ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ሥራ አጥ ወጣቶች ተቀላቀሉ፤ ሱቅና መኪና ተሰባበረ፤ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። ከተቃውሞው ዋዜማ በግቢው ስለ ሰብአዊ መብት በተካሄደ ውይይት የተናገሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ሁከት አነሳስታችኋል ተብለው ታሰሩ። ከተማሪዎቹ ወደ ኬንያ የተሰደዱ ነበሩ።

ማኅበር፣ ጋዜጣና በር የጠየቁ ልጆች ይህን ያህል ዋጋ መክፈላቸውን ሳስብ፣ መንግሥታቱ ከተማሪዎቹ ይልቅ የነገሩን ክብደት አውቀውታል ያሰኘኛል። ተማሪ ስለ መሬት ሲጮህ አዋጅ ማውጣት ይቻላል። ደንብ ያለው፣ መሪውን የሚያወርድ፣ የሚያስበውን አትሞ የሚያድል ማኅበር ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ራሱ ይወስናል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በየጊዜው የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች የተማሪዎች ኅብረትን ያውቃሉ፤ ተማሪም በሴኔት ይወከላል። በኢሕአዴግ ዘመን ግን አንዱ አምስቱን የሚከታተልበት «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት እስከ ማደሪያ ክፍል ወርዶ ስለነበር ወኪሉ ማንን እንደሚወክል ተማሪው በሹክሹክታ ነበር የሚጠያየቀው። በሚያዝያ 2006 በኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲዎች በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ በእነዚህ ኅብረቶች በኩል አላለፈም፤ አልፏቸው ሄደ። በ2015 የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ፣ ቁጥር 1294፣ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያው ራስ ገዝ ለማድረግ በር ከፈተ። የሰማሁት ክርክር በአብዛኛው ስለ ክፍያ፣ ስለ በጀትና ስለ ቅጥር ነው። ስለ ተማሪው ማኅበር ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ባለፈው ስብሰባችን ፓምፑ በአዲስ ይቀየር ወይስ ይጠገን ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ይቀየር የሚለው በሰፊ ልዩነት አለፈ፤ አራት ተቃወሙ፣ አንድ ሰው ድምፅ ተአቅቦ አደረገ። ባለ ተአቅቦው ጋሼ ነበሩ። ወንበራችንን አጥፈን ለመነሳት ስንቻኮል እጃቸውን አወጡና ምክንያታቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላቸው ጠየቁ። ጸሐፊዋ ቁጭ ብላ እስክርቢቶዋን መልሳ ከፈተች።